ዝናቡን አይቶ መንገድ መምረጥ፦ ከጉለሌ እስከ ነጭ ሳር

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)



አምና ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እኛም ለመሰማማት እየጮኽን፣ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጄ ከቴሌቪዥኑ ዘወር አለና «አባዬ፣ ትምህርት ሲዘጋ ጋምቤላ እንሂድ» አለኝ። ስለ ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚያሳይ ፊልም አይቶ ነው። መንጋው በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን መካከል ሲመላለስ ሜዳው ራሱ ተነስቶ የሚሄድ ይመስላል። በአፍሪካ ከሚታወቁት ታላላቅ የዱር እንስሳት ፍልሰቶች አንዱ ይኸው የእኛው ነው። ደስታው ተጋባብኝና «እሺ» አልኩ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴ «እሺ ያልከው በሐምሌ ነው?» ስትለኝ ነው የነቃሁት።

የዛሬው ዝግጅታችን ከዚህች ጥያቄ ይነሳል። የክረምቱን እረፍት ይዘን፣ ልጆቻችንን መኪና ላይ ጭነን፣ ብሔራዊ ፓርኮቻችንን ለማየት ብንነሳ ወዴት እንሂድ? እንዴትስ እንሰናዳ? የማወራው ጉለሌ ላይ ሆኜ ነው። ኮተቤ ወይም አየር ጤና ላላችሁም ከከተማ መውጫው እንጂ ነገሩ አይለይም።

ፈረንጆቹ በዚህ ወቅት መኪናቸውን ጭነው ወደ ፓርኮቻቸው የሚወጡት ወሩ ለእነሱ የፀሐይ ወር ስለሆነ ነው። የእኛ ልጆች የሚያርፉት ደግሞ ወንዙ ሲሞላና ጥርጊያው መንገድ ጭቃ ሲሆን ነው። ስለዚህ ካርታውን ከመዘርጋታችን በፊት ስለ ዝናብ ትንሽ እናውራ።

ብዙዎቻችን ክረምት ሲባል አገሩ ሁሉ እንደ ጉለሌ የሚዘንብ ይመስለናል። ዝናብ የሚያመጣው የደመና መቀነት ግን ፀሐይን ተከትሎ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ አንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሲወጣ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ደቡቡን ያጠጣል። ሐምሌና ነሐሴ እኛ ላይና ከእኛ በስተሰሜን ባለው ደጋ ላይ ያርፋል። መስከረም ሲጋመስ ተመልሶ ይወርድና ደቡቡን ዳግመኛ ያጠጣዋል። እኛ ጃንጥላ ይዘን በምንሮጥበት ሐምሌ የቦረና ከብት አርቢ ደረቅ ወር ላይ ነው ያለው። አርባ ምንጭም ዋና ዝናቧን የምታገኘው በሚያዝያና በግንቦት፣ ከዚያም በጥቅምት ገደማ ነው። በሐምሌ ካፊያ አያጣትም፤ ሰማዩ ተቀዶ የሚውልባት ወር ግን አይደለም።

ምዕራቡ ዝናቡ ቀድሞ የሚገባበት፣ ዘግይቶም የሚወጣበት አገር ነው። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የባሮ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ ሣሩም ከሰው ቁመት ያልፋል። ውሃው መንገድ ባይከለክላችሁ ሣሩ ዓይናችሁን ይከለክላችኋል። በጅማ በኩል የሚኬድበት፣ በዳውሮና በኮንታ ምድር ላይ በ1997 ዓ.ም. የተከለለው ጨበራ ጩርጩራም እንደዚያው ነው። ዝሆንና ጎሽ ያለበት ለምለም አገር ነው፤ ግን ዝሆን የሚያህል ነገር እንኳ ሣር ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። እነዚህን ሁለቱን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ላለው ደረቅ ጊዜ አቆዩአቸው። ባሌስ? በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ቀይ ቀበሮ ነው የቀረው፣ ከዚያም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው ባሌ ተራሮች ውስጥ ነው። የሳነቴ አምባ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ በሐምሌም ጉምና ዝናብ ይይዘዋል። ከጉለሌ ብርድ ሸሽቶ ሳነቴ ላይ መንቀጥቀጥ ለእኔ ትርፉ አይታየኝም። እሱንም ለኅዳር።

እንዲህ እንዲህ እያልን አርባ ምንጭ አጠገብ ያለው ነጭ ሳር ላይ ደረስን። ልጄ አኮረፈ። «ቆርኬስ?» አለ። «ቆርኬም አለ» አልኩት። የት እንዳለ መንገድ ላይ እነግራችኋለሁ።

(አጭር ዜማ)

ከመነሳታችን ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ እሑድ ጠዋት ልጆቹን ይዘን ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ገባን። 705 ሄክታር የሚሰፋ ደን ከደጃችን እያለ በዓመት አንዴ እንኳ የማንረግጠው ብዙዎች ነን። የሄድነው ለመለማመድ ነበር። ባይኖኩላር ተውሰን፣ ውሃና ዳቦ ይዘን፣ ዝም ብሎ መሄድና ወፍ ማየት ሞከርን። ስድስት ዓመት የሆናት ትንሿ ልጄ ዝም ማለት የቻለችው አራት ደቂቃ ነው። በአርባ ደቂቃ ውስጥ እግሯ ዛለ። ትልቁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ባይኖኩላሩን ከዓይኑ አላነሳም። ማታ ቤት ስንገባ የጉዞውን ፕሮግራም ከለስነው። በቀን ሰባት ሰዓት ያልነውን ንጂ ወደ አምስት አወረድን፣ ጠዋትና ማታ ለእንስሳት፣ እኩለ ቀን ለእንቅልፍና ለጨዋታ አደረግን። እንስሳቱም ቢሆኑ በቀትር ጥላ ውስጥ ስለሚተኙ የልጅቷ ልክ ከእነሱ ልክ ጋር ተስማማ።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልጨምር። ጾመኛ ቤተሰብ ከሆናችሁ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። የአርባ ምንጭ ዓሣ ፊት ለፊታችሁ እየተጠበሰ ሽሮ ማዘዝ ለአዋቂ ምንም አይደለም፤ ለልጆች ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ፣ ነሐሴ ሳይብት፣ ሄዶ መመለሱ ይመረጣል። ገንዘቡንም እኛ አምና በጥድፊያ ስለተነሳን ከቤት ወጪ ነው የቀነስነው። ዘንድሮ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ከጥር ጀምሮ ትንሽ ዕቁብ ጥለናል፣ ዕጣውም ሰኔ ላይ ለጉዞ ይወጣል። ለኢትዮጵያዊ የፓርክ መግቢያው ከውጭ አገር ጎብኚ በጣም ያነሰ ስለሆነ መታወቂያችሁን አትርሱ። የጉዞን ገንዘብ የሚበላው ነዳጅና መኝታ ነው።

አሁን ወደ መኪናው። የእኛዋ አሮጌ ቪትዝ ናት። አስፋልት ላይ አታሳፍርም። ከመነሳታችን በፊት የፍሬን ሸራዋን አስቀየርኩ፣ የዝናብ መጥረጊያዋንም አሳደስኩ። ከኋላ ያለውን ስኮርታ ጎማ ግን አየር አለው ብዬ ሳልነካው ተውኩት። ሃላባ ስንደርስ አንዱ ጎማ ተነፈሰ። ክሪኩን አወጣሁ፣ ቡሎኑን ፈታሁ፣ ስኮርታውን ሳወርደው እንደ ቂጣ ተጣጥፎ ተኝቷል! ጎሚስታ ቤት እስክናደርሰው ሁለት ሰዓት ሄደ። ባለቤቴ በዚያ መሐል አምስት ኪሎ የሃላባ በርበሬ ገዝታ ጠበቀችኝ፤ በርበሬው ጥሩ ነበር፣ ቀሪውን መንገድ ግን እያስነጠስን ነው የሄድነው። እናንተ ጎማውን ከቤት ሳትወጡ አስነፉት።

የመንገዱንም ሰላም በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ካለፈው ወር የሰማችሁት አይበቃም። መናኸሪያ ሄዳችሁ በየቀኑ የሚመላለሱትን ሾፌሮች ብትጠይቁ ከማንም የተሻለ ይነግሯችኋል። አይሆንም ካሉ አይሆንም፣ ፓርኩ የትም አይሄድም። ዋሊያን ልናይ ወደ ሰሜን ተራሮች የመውጣት ሐሳባችንን እስካሁን ያቆየነው በዚሁ ነው። በማታም አትንዱ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሲመሽ ከብቱ፣ ጋሪውና መብራት የሌለው አይሱዙ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ነው።

(አጭር ዜማ)

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከጉለሌ ወጣን። ያን ሰዓት የመረጥነው ከተማውን ሳይጨናነቅ ለማቋረጥ ነው። የፍጥነት መንገዱ የሚጀምርበት ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ ልጄ «ይሄ ባሌ ያለው ተራራ አይደል?» አለ። በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፣ ስሙ በየቦታው አለ። የባሌው ግን 4,377 ሜትር ነው። ከሞጆ ወደ ባቱ ታጠፍን። እስከ ባቱ ድረስ የክፍያው መንገድ ስላለ ልጆቹ ተኙ። ማቅለሽለሽ ለሚያስቸግረው ልጅ ጠዋት ቀለል ያለ ቁርስ፣ ሎሚና ፌስታል ይበቃል። ስንቃችን በሶ፣ ጭኮና ዳቦ ቆሎ ነበር፤ ዳቦ ቆሎው ሞጆ ላይ አለቀ።

ረፋድ ላይ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በር ደረስን። የፓርኩ ስፋት 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በሩ አካባቢ ሰጎንና ከርከሮ ብዙ ሳይደከም ይታያል፤ ለልጆች የመጀመሪያ ቀን ይህ ጥሩ ነው። ከጠባቂው ጋር ወደ ላይ ወጥታችሁ ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ጊዜ እዩ። ሻላ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የሰመጠበት ጉድጓድ ነው፣ ጥልቀቱም 266 ሜትር ይደርሳል። ከጉለሌ ቁልቁል የምናየው የንግድ ባንክ ረጅም ሕንፃ 209 ሜትር ነው። እዚያ ውሃ ውስጥ ቢያቆሙት ጫፉም አይታይም። ልጆቹ ይህን ሰምተው ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

አጠገቡ ያለው አብያታ ግን እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ነው። ውሃ የሚያመጡለት ቡልቡላና ሆራ ቀሎ ናቸው፤ ቡልቡላ ከዝዋይ፣ ሆራ ቀሎ ከላንጋኖ። ዝዋይና ቡልቡላ ዳር ለመስኖ የሚቀዳው ሲበዛ አብያታ የሚደርሰው ያንሳል። ጠፍጣፋ ስለሆነም ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ዳርቻው በጣም ይሸሻል። ድሮ ውሃ የነበረበት ቦታ አሁን ነጭ የሶዳ ጭቃ ነው። ከላይ ደረቅ መስሎ ከታች ስለሚውጥ መኪና ይዛችሁ ወደ ዳሩ አትጠጉ፣ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ። ፍላሚንጎዎቹን ያየናቸው ከሩቅ ነው፤ ሐይቁ ዳር የተሰጣ ሮዝ ነጠላ ይመስላሉ።

በማግስቱ ከሻሸመኔ ወደ ሃላባ በሚወስደው መንገድ፣ አጄ አካባቢ ታጥፈን ሰንቀሌ ገባን። የልጄ ቆርኬ ያለችው እዚህ ነው። እውነት ለመናገር ከጋምቤላዋ ጋር ዝርያቸው አንድ አይደለም፣ እኛ በአማርኛ በአንድ ስም እንጠራቸዋለን እንጂ። የስዋይን ቆርኬ ድሮ ሶማሊያ ውስጥም ነበረች። ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለችም። ቆዳዋ ቡና የሚመስል፣ ፊቷ ረጅም፣ ቀንዷ ወደ ውጭ የታጠፈ ነው። አንዲቷ ኩይሳ ላይ ወጥታ አንገቷን አቅንታ ታየናለች። «ነጭ ጆሮ የላትም» አለ ልጄ። ቢሆንም ባይኖኩላሩን ለእህቱ አልሰጥም ብሎ ተጣሉ።

ከሃላባው ጎማ በኋላ ወላይታ ሶዶን አልፈን አርባ ምንጭ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ማታ አትንዱ ያልኳችሁ እኔ ነኝ።

ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ዓ.ም. የተከለለ፣ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ነው። ከላይ አባያ፣ ከታች ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጠባብ መሬት አለ። አባያ ደፍርሶ ቀይ ይላል፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው። ከሥሩ ባለው ደን ውስጥ ለከተማዋ ስም የሰጡት ምንጮች ይፈልቃሉ። በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ላይ የሜዳ አህያ አለ። እዚያ ለመውጣት ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ መኪና ያስፈልጋል። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ከዘነበም ጨርሶ አይታሰብም። እኛ ቪትዟን አቁመን ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተዳብለን ተከራየን። ወጪው ግማሽ ሆነ፣ ልጆቹም ጓደኛ አገኙ።

ጫሞ ላይ በጀልባ የሚወጣው ጠዋት ነው፣ ውሃው ነፋስ ሳይነሳበት። አዞ ገበያ የሚሉት አዞዎች ፀሐይ ለመሞቅ የሚሰበሰቡበት ዳርቻ ነው። የሚገዛም የሚሸጥም የለም፤ ትንሿ ልጄ ይህን ስታውቅ ቅር አላት። ለልጅ ልክ የሆነ የመዋኛ ጃኬት ከሌለ ጀልባው ላይ አትውጡ። እጅ ከጀልባው አይወጣም፣ ባለ ጀልባውንም «ትንሽ ጠጋ በል» አትበሉት። ጉማሬ ከአዞ የባሰ ኃይለኛ ነው፣ ወፍራም መሆኑ አያታልላችሁ።

ሜዳው ላይ ሳለን ጠባቂያችን የነገረንን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እዚህ መንገድ ላይ መኪና የረገጣት አንዲት ወፍ ሞታ አገኙ። ሌሊት የምትበር፣ ቀን መሬት ላይ ተኝታ የምትውል ዓይነት ናት። ሰውነቷ ተጨፍልቆ ስለነበር ይዘው የሄዱት አንድ ክንፍ ብቻ ነው። ያን ክንፍ ሲመረምሩት ከሚታወቁት ዝርያዎች ከአንዱም ጋር አልገጠመም። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፣ የሳይንስ ስሟም «ሶላላ» ተባለ፤ ብቸኛ ክንፍ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አየን ያሉ አሉ፣ በእጅ የተያዘች ግን የለችም። እነዚህ ወፎች ሌሊት መንገድ ላይ ማረፍ ስለሚወዱ መኪና ይገድላቸዋል። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ትናንት ማታ ነድቼ መግባቴን አልረሳም።

(አጭር ዜማ)

ስለ ወባ ላንሳ፤ ይህን ክፍል ወላጆች ልብ በሉልኝ። ጉለሌ ደጋ ነው፤ ልጆቻችን ወባን አያውቋትም፣ ሰውነታቸውም አልለመዳትም። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ መከላከያ መድኃኒት አማክሩ። አጎበር ያለበት መኝታ ያዙ፣ ከሌለ የራሳችሁን ውሰዱ፣ ሲመሽ ረጅም እጅጌ አልብሱ። ትንኟ ከነደፈች በኋላ ሕመሙ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ይወስዳል። አንዱ ዓይነት ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። እቤት ገብታችሁ፣ ጉዞው ተረስቶ፣ ልጁን ቢያተኩሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ በመጀመሪያ «ቆላ ወርደን ነበር» በሉ። ካልነገራችሁት ጉለሌ ላይ ሆኖ ወባን ላያስብ ይችላል።

አራተኛውን ቀን ወደ ዶርዜ ወጣን። ይህች ቀን በፓርክ ጉዞ ውስጥ ለምን ገባች ትሉ ይሆናል። ሺሮ ሜዳ ለባለቤቴ ቀሚስ የሚሠራላት ሸማኔ የዶርዜ ሰው ነው። ነጭ ሳር መሄዳችንን ሲሰማ «እንግዲህ እናቴ ቤት ሳትገቡ ብትመለሱ እቀየማለሁ» አለኝ። «ጋሼ፣ ቤቱን በምን እናውቀዋለን?» ስለው ሳቀ፤ «ስሜን ጠርታችሁ ማንንም ጠይቁ፣ እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል።» ስኳርና ቡና፣ አንድ ጋቢም ጨምሮ ላከን።

ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነስተን ወደ ጨንቻ ስንወጣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ልጆቹ ሹራብ ጠየቁ። የእንሰቱ ቅጠል ጤዛ ይዟል። ቤቶቹ ከቀርከሃ የተጠለፉ፣ ከፊት ሲታዩ ዝሆን የሚመስሉ ናቸው፤ ሁለት መስኮት እንደ ዓይን፣ መግቢያው ወደ ፊት ወጣ ብሎ እንደ ኩምቢ። ዝሆን ድሮ በዚህ አገር ነበረ ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ቤቱን ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፣ የተበላውን ቆርጠው ይጥላሉ፣ ስለዚህ ሲያረጅ እያጠረ ይሄዳል። የእናትየው ቤት ከሽበታቸው ጋር አብሮ ያጠረ ነው። ቆጮ በዳጣ አበሉን፣ ልጆቹ በዳጣው አለቀሱ፣ ደግመው ጠየቁ። ጉለሌ ሸማኔ የሞላባት ሰዎቹ ከዚህ ተራራ ወርደው መሆኑን ልጄ ያን ቀን ገባው። «ስለዚህ ሺሮ ሜዳ የዶርዜ ሰፈር ነች» አለ። ብዙ አልተሳሳተም።

ስንመለስ መንገድ ቀየርን፤ ከሶዶ በሆሳዕና፣ በቡታጅራ። አጠር ይላል፣ ለዓይንም አዲስ ነው። በአንድ ቀን አልገፋነውም፣ መንገድ ላይ አደርን። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች ከመንገዱ ብዙም አይርቁም። 36 ናቸው፣ አብዛኞቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል። ትንሿ ልጄ ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው፣ ሁለቱም ጊዜ ሌላ ቁጥር መጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተመዘገበው መልካ ቁንጥሬ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ በኩል፣ አዋሽ ዳር ነው። ዝናብ የጀመረን እዚያ ነው። መጥረጊያው ሠራ።

ጉለሌ ስንገባ 11 ሰዓት ሆኖ ነበር፣ ጎርፉ አስፋልቱን ይዞታል። ቤት ከመግባታችን በፊት ሺሮ ሜዳ ቆምን። ጋሼ ከመሸመኛው ጉድጓድ ሳይወጣ አንገቱን ቀና አደረገ። እናቱ የላኩለትን ዳጣ በቅጠል እንደተጠቀለለ ሰጠሁት። ፈታው፣ አሸተተው፣ በጣቱ ቀመሰ።

«እዚያ ይዘንባል?» አለኝ።

«አንድ ማታ ብቻ አካፋ።»

«በጥቅምት ብትሄዱ ኖሮ ታዩት ነበር» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

(የመዝጊያ ዜማ)